ታኮ የያዘው ማን ነበር?

አብራሪው መሬት ላይ ቆሞ አውሮፕላኑ ብቻውን ሲበር አስቡት። ፊልም አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 30 ቀን 1955 አውስትራሊያ ውስጥ፣ ሲድኒ አጠገብ ባለው የባንክስታውን አውሮፕላን ማረፊያ የሆነ ነው። አንድ ሰው ኦስተር የምትባል ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ተከራይቶ ይለማመዳል። መሬት ላይ ሳለ ሞተሯ ቀጥ አለ። ሰውየው ወረደና፣ በዚያን ጊዜ እንደተለመደው፣ ፕሮፔለሯን በእጁ ወደ ታች መትቶ አሽከረከረ። ሞተሯ ተነሳ። ጣጣው አውሮፕላኗም አብራ መነሳቷ ነው። ጎማዋን የያዘ ነገር የለም፣ ውስጧም ሰው የለም። ሜዳውን ይዛ ሮጠች፤ ከመሬት ለቀቀች፤ ወደ ሲድኒ ሰማይ ወጣች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ኮሜዲ ይመስላል። ባለቤት አልባዋ አውሮፕላን በትልቅ ከተማ አናት ላይ ትዞራለች፤ ታች ያለው ሕዝብ አንጋጦ ያያል። አየር ኃይሉ አንድ አውሮፕላን ከነተኳሹ ላከ፤ የተኳሹ እጅ በከፍታው ብርድ ደነዘዘና መተኮስ አቃተው። ጄት ተላከ፤ መሣሪያው ነከሰ። ከሁለት ሰዓት በላይ ስትዞር ቆይታ ባሕር ላይ ስትደርስ የባሕር ኃይል ሁለት ተዋጊ አውሮፕላኖች መትተው ጣሏት። ማንም አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ኧርባና ከሚባል ቦታ እንዲሁ በእጅ የተነሳች ትንሽ አውሮፕላን አብራሪዋን ጥላ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ብቻዋን ከበረረች በኋላ ወድቃለች።

እንዲህ ያለውን ታሪክ ሰምቶ መሳቅ ቀላል ነው። ወደ እኛ ሀገር የአቪየሽን ታሪክ ስንመጣ ግን ያው ጥያቄ ሳቅ ያጠፋል። አውሮፕላን መሬት ላይ ሲቆም ሞተሩ ይጥፋ ወይስ ይሥራ? ከሠራስ፣ ከጠፋስ፣ አጠገቡ ማን አለ? በ1928 ዓ.ም. በሦስት ወር ተኩል ጊዜ ውስጥ ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ተነስቷል። መልሱም ሦስት ጊዜ በእሳት ወይም በጥይት ተሰጥቷል።

ሞተር ማጥፋት የሚያስፈራበት ምክንያት

ሳንጃን የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር ለመረዳት አብራሪ መሆን አያስፈልገውም። ሳንጃ ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት፤ በሰሊጥ ወቅት የጭነት መኪናው አያድርስ ነው። ምሳ ለመብላት የቆመ ሾፌር ሁልጊዜ ሞተሩን አያጠፋም። ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ሞተሪኖው ያስቸግራል፤ ካጠፋው በኋላ ማስነሻው ግፊያ ብቻ ነው። በዚያ ሙቀት የተጫነ መኪና ማን ይገፋል? ስለዚህ ሚኒሞ ላይ እየተንተከተከ ይተወዋል። ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ጎማው ስር ድንጋይ ይወሽቃል። ያ ድንጋይ ታኮ ይባላል። ሾፌሩ ምግቡን በልቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ የሚመለሰው ፍሬኑን አምኖ ሳይሆን ታኮውንና ረዳቱን አምኖ ነው።

በነገራችን ላይ እነዚህን ቃላት ልብ በሏቸው፤ ሚኒሞ፣ ሞተሪኖ፣ ካንዴላ፣ ታኮ። አራቱም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። (አዎ፣ የጫማው ታኮም ያው ነው።) ሊገዛን የመጣው ጦር ከተባረረ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቃላቱ ግን በየጋራዡ ሥራ ላይ ናቸው። ለዛሬው ጨዋታችን ይህ እንዲሁ የቋንቋ ወሬ ብቻ አይደለም፤ ቃላቱን ካመጡት ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ታኮና ጠባቂ በሌለበት ሜዳ ላይ ነው የቀሩት።

የአውሮፕላኑም ምክንያት ከጭነት መኪናው ብዙም አይርቅም። የድሮዎቹ ትንንሽ አውሮፕላኖች ሞተሪኖ የላቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በዓለም ሁሉ የተሰራጨችውን ዲ ሃቪላንድ ሞዝን ውሰዱ። ለማስነሳት አንድ ሰው ውስጥ ይቀመጣል፤ ሌላው ፊት ለፊት ይቆማል። በመጀመሪያ ማቀጣጠያው ተዘግቶ ፕሮፔለሩ ጥቂት ዙር ይዞራል፤ ሞተሩ ቤንዚን እንዲስብ። ከዚያ የፊተኛው ይጮኻል፤ የውስጠኛው ማቀጣጠያውን ከፍቶ ይመልስለታል፤ የፊተኛው በአንድ ምት ወደ ታች አሽከርክሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። ያቺ አውሮፕላን የጎማ ፍሬን እንኳ አልነበራትም። የሚይዛት ከጎማዋ ፊት የተወሸቀው ታኮ ብቻ ነው። ነዳጅ መስጫው ትንሽ ተከፍቶ ከተረሳና ታኮው ከሌለ፣ ሞተሩ ሲነሳ አውሮፕላኗ ፊቷ የቆመውን ሰው ይዛ ትሄዳለች። የሚሽከረከር ፕሮፔለር ደግሞ ለዐይን አይታይም፤ አየር ይመስላል። ስንት ሰው ባዶ ቦታ መስሎት ገብቶበታል።

በደጋው ሀገራችን ነገሩ ይባስ ይከብዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ሳስቷል። ለባሕር ዳርቻ ሀገር የተሠራ ሞተር እዚህ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የቤንዚንና የአየሩ ልክ ይዛባበታል፤ ከጋለ በኋላ ሲጠፋ እንደገና ለመነሳት ያንገራግራል። ከከተማ ርቆ ሜዳ ላይ ያረፈ አብራሪ ሞተሩን ሲያጠፋ አንድ ነገር ያውቃል፤ ላይነሳለት ይችላል። ካላጠፋው ደግሞ ከመቀመጫው መነሳት አይችልም። አንድ ሰው ብቻውን ሁለቱንም መሆን አይቻለውም። ይህ ነው እንግዲህ የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ።

ንስረ ተፈሪ ሲመጣ

የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴ 25 ሲሆን፣ ከጅቡቲ ያመጣው አብራሪ አንድሬ ማዬ ይባላል። ስሙም በንጉሥ ተፈሪ ስም «ንስረ ተፈሪ» ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ጀርመን ሠራሹ ዩንከርስ ተከተለ። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ለመሆን በቁ። በአጭሩ፣ አውሮፕላን ወደ ኢትዮጵያ የገባው የመንግሥት ክብር መግለጫ ሆኖ ነው፤ ሕዝቡም ያየው እንደዚያው ነበር።

የዚያን ዘመን ስሜት ለማወቅ የሁበርት ጁሊያንን ነገር ማስታወስ ይበቃል። በትሪኒዳድ ተወልዶ ኒውዮርክ ሃርለም ውስጥ ዝናን ያተረፈ፣ «ጥቁሩ ንስር» የተባለ ሰው ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ሊከበር በተዘጋጀው የዘውድ በዓል ላይ ሊያበርር ተጠብቆ ነበር። በዓሉ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የንጉሡን ጂፕሲ ሞዝ አስነስቶ ከሰከሳት። ሰውየው ተረፈ፤ ሞገሱ ግን አልተረፈም፤ ከሀገር እንዲወጣ ሆነ። ስለ ጁሊያን ብዙ ተጽፏል። ያቺን ሞዝ በየማለዳው ከመጠለያዋ ገፍቶ ያወጣት፣ ታኮዋን የያዘላት፣ ፊቷ ቆሞ ፕሮፔለሯን የመታላት ሰው ግን በታሪኩ ውስጥ የለም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

ቆሬም፣ መጋቢት 8

የጣልያን ወረራ ሲጀመር ኢትዮጵያ የነበሯት አውሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ለውጊያም የሚሆኑ አልነበሩም። መልእክት፣ መድኃኒትና ሹማምንት ያመላልሳሉ። ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን ያንን ትንሽ የአየር ኃይል ይመራ ነበር። ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን የተባለ ስዊድናዊ ወጣት ደግሞ ለቀይ መስቀል ያበርር ነበር።

ሰማዩ የጣልያን ስለነበር ለእነዚህ አውሮፕላኖች ከመብረር ይልቅ ማረፍ ይበልጥ ያስፈራ ነበር። በአየር ላይ ያለ አውሮፕላን ደመና ውስጥ ይገባል፣ ሸለቆ ለሸለቆ ይሸሻል። መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላን ግን ክንፉን ዘርግቶ የተኛ ዒላማ ነው። ሞተሩ ጠፍቷል፤ እስኪነሳ ደቂቃዎች ይፈልጋል፤ ቦምቡ እነዚያን ደቂቃዎች አይሰጥም። መጋቢት 8 ቀን 1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 1936) ቆሬም ላይ የሆነው ይኸው ነው። ፎን ሮዘንና የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ልዑክ ዶክተር ማርሴል ዡኖ እዚያው ነበሩ። ቀይ መስቀል የተሳለባት አውሮፕላን መሬት ላይ እንደቆመች በጣልያን አውሮፕላኖች ተመትታ ተቃጠለች። ዡኖ ኋላ በጻፈው የትዝታ መጽሐፍ ይህን ለዓለም ተርኮታል። አውሮፕላኗ ስትቃጠል የጦር ግንባሩ በአየር ይደርስለት የነበረውን ሕክምናም አብራ ይዛ ሄደች።

ሞተሩን ያላጠፋው ሚኒስትር

ከስድስት ሳምንት በኋላ ተራው የወራሪው ሆነ። ሚያዝያ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማለትም ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባን ለቀው ከመውጣታቸው ሁለት ቀን በፊት፣ አንድ የጣልያን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በከተማዋ ላይ አንዣበበ። ያበርር የነበረው የሙሶሊኒ አማች ጋሌያትሶ ቻኖ ነው፤ «ላ ዲስፔራታ» የሚባል የአየር ጓድ አዛዥ ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው። እግረኛው ጦር ገና መንገድ ላይ እያለ ከሁሉ ቀድሞ አዲስ አበባ ማረፍና በጋዜጣ መውጣት።

አውሮፕላኑ ዝቅ አለ። ጎማው መሬት ነካ። ከሜዳው ዳር ተኩስ ተከፈተበት። ቻኖ ሞተሩን አላጠፋም፣ አልቆመም፣ ከመቀመጫው አልተነሳም፤ ጉልበት ሰጥቶ እንደገና ተነሳና ሄደ። አውሮፕላኑ በጥይት ተበሳስቶ፣ ሰውየው ግን ሙሉውን ተመለሰ። ከአርባ ቀን በኋላ የጣልያን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስብ። ያን ቀን የአዲስ አበባ መከላከያ ፈርሷል፤ ሹማምንቱ ለመሄድ ጓዛቸውን እየሸከፉ ነው። ሆኖም ከሜዳው ዳር ቆሞ የሚተኩስ ሰው ነበር። ማንም ያላዘዘው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ቦታውን አልለቀቀም። ቻኖን ከማረፍ ያገደው የመንግሥት ፕላን ሳይሆን ሜዳውን ሳይተው የቆየ ጠባቂ ነው። ቻኖ እ.ኤ.አ. በ1944 በራሱ አማት መንግሥት ተፈርዶበት ቬሮና ላይ ተረሸነ፤ ማስታወሻ ደብተሩ በዓለም ታወቀ። አዲስ አበባ ላይ የተኮሰበትን ሰው ግን የሚያስታውስ ደብተር የለም።

ቦናያ

ሦስተኛው መልስ የመጣው ከምዕራብ ነው። ሰኔ 1928 ዓ.ም.፤ አዲስ አበባ በጣልያን እጅ ናት፤ ነገር ግን ክረምቱ ገብቷል፣ መንገዱ ጭቃ ሆኗል፣ ከተማዋን አርበኞች ከበዋታል። በምዕራብ ጎሬ ላይ የኢትዮጵያ መንግሥት ስም ገና አልጠፋም። ጣልያኖች ወለጋን በመኪና መድረስ ስላልቻሉ በአውሮፕላን ለመድረስ አሰቡ። ዕቅዱ ነቀምቴ አካባቢ አርፎ ከአካባቢው ገዢ ከደጃዝማች ሀብተማርያም ጋር መገናኘትና ያለ ውጊያ ምዕራቡን መያዝ ነበር።

ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1936) ሦስት አውሮፕላኖች ቦናያ ሜዳ ላይ አረፉ። የወረዱት ተራ ወታደሮች አይደሉም። መሪው ጄኔራል ቪንቼንሶ ማሊዮኮ በምሥራቅ አፍሪካ የጣልያን አየር ኃይል ሁለተኛ ሰው ነው። ኮሎኔል ማርዮ ካልዴሪኒ አብሮት አለ። አንቶንዮ ሎካቴሊ ደግሞ በጣልያን ሁሉ የታወቀ አብራሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1918 ከባለቅኔው ዳኑንትሲዮ ጋር ቪየና ድረስ በርሮ ወረቀት የበተነ፣ በ1924 አትላንቲክን ሊሻገር ሲሞክር ግሪንላንድ አጠገብ ባሕር ላይ ወርዶ በአሜሪካ የጦር መርከብ የተረፈ ሰው። ከባሕር የተረፈው ሰው አሁን ወለጋ ሜዳ ላይ ሞተሩን አጠፋ። ሌሊቱንም እዚያው ሊያድሩ ወሰኑ።

ሜዳው ባዶ መስሏቸዋል። ባዶ ግን አልነበረም። የጥቁር አንበሳ ማኅበር ሰዎች ወለጋ ውስጥ ነበሩ። ማኅበሩን በሊቀመንበርነት የሚመሩት የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ናቸው። ከአባላቱ ብዙዎቹ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኮንኖች ናቸው፤ ሆለታ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት የተከፈተ በመሆኑ ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን እንኳ በቅጡ አልጨረሱም። ዕድሜያቸው የኔና የናንተ ነው፤ ሃያዎቹ ውስጥ። ማኅበራቸው አሥር አንቀጽ ያለው ደንብ ነበረው። ደንቡ ወታደራዊው ክንፍ ለፖለቲካው እንዲታዘዝ ያዛል፤ ገበሬ እንዳይበደል፣ ምርኮኛም በሰብዓዊነት እንዲያዝ ይደነግጋል። በሽሽት ላይ ያለ ሠራዊት እንዲህ ያለ ደንብ መጻፉ ራሱ የሚገርም ነው።

በዚያ ሌሊት ቦናያን ከበቡ። ተኩስ ተከፈተ፤ አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ። ማሊዮኮ፣ ካልዴሪኒ፣ ሎካቴሊና ሌሎችም፣ በድምሩ አሥራ ሁለት ያህል ሰዎች ሞቱ። አብረዋቸው የነበሩት ካቶሊካዊ ቄስ አባ ቦሬሎ ተረፉ። ወራሪው ጦር በአንድ ሌሊት ይህን የሚያህል የአየር ኃይል ሹም ያጣበት ሌላ አጋጣሚ በኢትዮጵያ የለም።

አንዳንዱ ይህን የጀግንነት ታሪክ ብቻ አድርጎ ያወራዋል። እኔ ከጀግንነቱ ሌላ የሚታየኝ ነገር አለ። ማሊዮኮና ጓዶቹ በሰማዩ ጌትነት ለምደው ነበር። ቦምብ የሚጥሉበት ሀገር ከላይ ሲታይ ካርታ ነው፤ ሰው አይታይበትም። ሞተሩ ሲጠፋና ሲጨልም ግን ካርታው ሀገር ሆነ፤ ሀገሩም ባለቤት ነበረው። ቻኖ በሕይወት የተመለሰው ሞተሩን ስላላጠፋ ነው። ማሊዮኮ የሞተው ግን ሞተሩን በማጥፋቱ ብቻ ሳይሆን፣ በማያውቀው ሜዳ ላይ ከሜዳው ሰዎች መካከል ጠባቂ ሳይኖረው በማደሩ ነው።

ከዚያ በኋላስ? በሲሲሊ ደሴት ኮሚሶ የሚገኘው የአውሮፕላን ማረፊያ ለረጅም ዘመን በማሊዮኮ ስም ሲጠራ ኖሯል። ቤርጋሞ፣ የሎካቴሊ የትውልድ ከተማ፣ በስሙ መንገድ ሰይማለታለች። ቦናያ ላይ ከነበሩት የሆለታ ልጆች ብዙዎቹ ግን ዓመት ሳይሞላ በጣልያን እጅ ወድቀው፣ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ተገደሉ። ከመካከላችን ስንቶቻችን የአንዳቸውን ስም መጥራት እንችላለን? ወረራውን የሚያስታውሰው ወራሪው ብቻ ሲሆን ያማል።

አዘዞ፣ የመጨረሻው አውሮፕላን

ወደ ሀገር ቤት ልመልሳችሁ። ጎንደር በጣልያን እጅ የገባችው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ የስታራቼ ጦር ከኦምሐጀር ተነስቶ በመኪና በኛው ቆላ በኩል ወጣ። ከአምስት ዓመት ተኩል በኋላ ደግሞ ጣልያን በምሥራቅ አፍሪካ የቀረው መሸሸጊያ ይኸው ጎንደር ሆነ። በየግንባሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች ያሰለፈው ኃይል በመጨረሻ አዘዞ ሜዳ ላይ የቀሩት ፊያት ተዋጊ አውሮፕላኖች ከአንድ እጅ ጣት የማይበልጡ ነበሩ። ጥቅምት 1934 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 24 ቀን 1941) አብራሪው ኢልዴብራንዶ ማላቮልቲ ተነስቶ ከደቡብ አፍሪካ አብራሪዎች ጋር ገጠመና ተመትቶ ወደቀ። ኅዳር 18 ቀን ጄኔራል ናዚ እጁን ሰጠ። በ1928 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች መሬት ላይ የቀመሱትን፣ ማለትም በላይ ጠላት እያንዣበበ ተደብቆ መቆምን፣ በ1934 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ጎንደር ላይ ቀመሱት።

ያላረፈው ሰው

ቆሬም ላይ አውሮፕላን ሲቃጠል ያየው ፎን ሮዘን ነገሩን የረሳ አይመስልም። ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ለአሥር ዓመት ያህል የኢትዮጵያን አየር ኃይል በማደራጀት ሠራ። ከዚያ ወጣ፣ ቢያፍራ ገባ፣ በትንንሽ የስዊድን አውሮፕላኖች ዓለምን አስገረመ። በ1966 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ደግሞ እነዚያን መሰል ቀላል አውሮፕላኖች ይዞ ኢትዮጵያ መጣ። መንገድ የማይደርስባቸው መንደሮች ላይ ለማረፍ አልሞከረም፤ ዝቅ ብሎ እየበረረ እህሉን ከክንፉ ስር ይጥል ነበር።

ለጥያቄያችን ከዚህ የበለጠ ብልህ መልስ የለም። ማረፊያ በሌለበት፣ ሞተር አጥፍቶ ማስነሳት በማይታመንበት፣ ሞተሩን እያስጮኸ ትቶት መውረድ በማይቻልበት ሀገር፣ ጨርሶ አለማረፍ። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ፎን ሮዘን ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጦር ጥቃት ተገደለ። የሞተው በአየር ላይ አይደለም፤ መሬት ላይ ነው።

የሜዳው ሰዎች

የሲድኒዋ ኦስተር ያጣችው አንድ ሰው ነው፤ ጎማዋ ስር ድንጋይ የሚያደርግ፣ ወይም ውስጧ ተቀምጦ ነዳጅ መስጫዋን የሚይዝ ሰው። የአቪየሽን የጥንቃቄ ምክር የሚለውም ከዚህ አይበልጥም። በእጅ የሚነሳ ሞተር የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ መሪው ላይ፣ አንዱ ፕሮፔለሩ ላይ፣ ታኮው ጎማው ስር። ሞተሩ እየሠራ ባዶ ወንበር አይተውም።

እኛ ጋ ሁለተኛው ሰው ሁልጊዜ ነበረ። ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ዊንጌት ጎጃም ውስጥ ሰከላ ላይ በአውሮፕላን ሲወርድ፣ ያረፈባት ጠባብ ሜዳ ጠላት በያዘው ሀገር መሀል፣ ከጠላት ዐይን ተደብቃ የተዘጋጀች ናት። ድንጋዩን የለቀመ፣ ጉቶውን የነቀለ፣ ሌሊት የጠበቀ ሰው አለ ማለት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያ በረራውን ካደረገ በኋላ በየአውራጃው የሣር ሜዳዎች ላይ ሲወርድም እንዲሁ ነው። በዲሲ 3 ዘመን፣ ማስነሻ ባትሪ በሌለበት ሜዳ፣ በዓለም ዙሪያ አብራሪዎች የሚያደርጉት አንድ ብልሃት ነበር። የመንገደኛው በር በግራ ስለሆነ የግራውን ሞተር ያጠፋሉ፤ የቀኙ እየሠራ ሰው ይወርዳል፣ ጭነት ይገባል። ያን ጊዜ የመንደሩን ልጅ ከማይታየው ፕሮፔለር የሚመልስ፣ ላሟን ከሜዳው የሚያባርር፣ ታኮውን የሚወሽቅና የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ዩኒፎርሙ ካፖርት ነው፤ ፎቶው ላይ ጫፍ ላይ ተቆርጦ የሚቀረው እሱ ነው።

የአቪየሽን ታሪካችንን ስንጽፍ ስለ አብራሪ፣ ስለ ንጉሥ፣ ስለ ጄኔራል እንጽፋለን። ተገቢ ነው። ግን በ1928 ዓ.ም. የታሪኩን አቅጣጫ የወሰነው መሬት ላይ የነበረው ሰው ነው። አዲስ አበባ ሜዳ ዳር የቀረው ተኳሽ ቻኖን መልሶታል። የቦናያ ልጆች ባዶ የመሰለው ሜዳ ባዶ እንዳልሆነ አሳይተዋል።

የ1928ቱ ትውልድ አልፏል። የሰባዎቹን ረሃብና የሣር ሜዳዎቹን ዘመን የሚያስታውሱ ግን በየቤታችን አሉ። አዘዞ፣ ሁመራ፣ ደባርቅ፣ ሰከላ ዘመድ ያላችሁ ልጆች፣ በሚቀጥለው በዓል ቤት ስትገቡ አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ። «አውሮፕላን ሲመጣ ላሞቹን የሚያባርረው ማን ነበር? ስሙ ማን ይባላል?» መልሱን ከነአባት ስሙ ጻፉት።